የእንፋሎቱ ድርሰት ወሰኑ የት ላይ ነው?

«ስቲምፐንክ» የሚባለው የድርሰት ዓይነት ምንድን ነው? ከየት ጀምሮ የት ያበቃል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። «ፈተና በር ላይ ቆሞ፣ ሻይ ቤቱ ዱቤ ከልክሏችሁ፣ ስለ ፈረንጅ ድርሰት ወሰን ትጨቃጨቃላችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን አንድ ወር ሙሉ ተጨቃጭቀንበታል። ለዚህ መጽሔት አንድ አጭር ልቦለድ ቀረበ፤ ልቦለዱ ስለ አገራችን ስለ ራያ ቆላ ነው፤ ጸሐፊው «ስቲምፐንክ ነው» ብሎ ሰጠን፤ ገሚሶቻችን «ነው» አልን፣ ገሚሶቻችን «አይደለም» አልን። እያደር ነገሩ ከስም አልፎ «ይታተም ወይስ ይመለስ?» ላይ ደረሰ። ወሰን የሚለው ቃል ደግሞ እኛ ዘንድ የቀልድ ቃል አይደለም። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከዋጃ ለመጣን ልጆች ወሰን ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ስለዚህ የድርሰት ወሰንም ቢሆን ስንከልል ቀስ ብለን ነው።

ከስሙ እንነሣ። «ስቲም» እንፋሎት ነው። «ፐንክ» ደግሞ ዱርዬ፣ አልገዛም ባይ እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው አሜሪካዊው ደራሲ ኬ. ደብልዩ. ጄተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 «ሎከስ» ለተባለ መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ እሱና ጓደኞቹ ቲም ፓወርስና ጄምስ ብሌይሎክ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ላይ ተመሥርተው ለሚጽፉት ድርሰት አንድ ስም ያስፈልገዋል ብሎ፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በቁም ነገር ሰየመው። በዚያን ጊዜ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ መጪው ዘመን የሚተርከው «ሳይበርፐንክ» ገንኖ ነበርና፣ ጄተር ያንን ስም ገልብጦ ወደ ኋላ አዞረው እንበል። ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ዊልያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ «ዘ ዲፈረንስ ኤንጂን» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ነድፎት በዕድሜው ሠርቶ ያልጨረሰው የስሌት ማሽን እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። ኮምፒዩተር መቶ ዓመት ቀድሞ መጥቶ በእንፋሎት ይሽከረከራል፤ መንግሥትም በዚያው ማሽን ሰዉን እየመዘገበ ይከታተላል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፋሽን ሆነ። መነጽር፣ ጥርስ ያለው ጎማ፣ የነሐስ ቱቦ የተለጠፈበት ሥዕልና ልብስ ሁሉ በዚሁ ስም መጠራት ያዘ።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ነገር ያቀብለናል። «ባቡር» የምንለው ቃል ራሱ እንፋሎት ነው፤ ከጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል አድርጎ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። በውሃ ላይ የሚሄደው «የባሕር ባቡር» ተባለ፤ በሐዲድ የሚሄደው «የምድር ባቡር» ተባለ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ለአጤ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በገጠራችንማ እህል የሚፈጨው ሞተር ሳይቀር ባቡር ነው፤ እናቶቻችን ስልቻቸውን ተሸክመው «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ይላሉ። ሞተር የሚባለውን ፍጥረት መጀመሪያ ያወቅነው በእንፋሎቱ ስም ነው ማለት ነው። እንፋሎቱ አልፎ ሄደ፤ ስሙ ግን አፋችን ላይ ቀረ። ስለዚህ «ይኸ የሰው አገር ወሬ ነው፤ ምን አገባን?» ለሚሉን ወንድሞችና እኅቶች መልሳችን ይኸው ነው፤ ስሙ ከገባን መቶ ዓመት አልፎታል፤ የቀረው ድርሰቱ ነው።

የመጀመሪያው ወሰን ኃይሉ ነው። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው እሳት፣ ውሃና ታምቆ የሚገፋው እንፋሎት መሆን አለበት። ይኸ ቀላል ይመስላል፤ ግን አጣልቶናል። አንደኛው ጓደኛችን የሰፈሩን ወፍጮ አነሣ። ሞተሩ ሲነሣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከውጭ የቆመው የበርሜል ውሃ እየሞቀ ይተናል፤ የጭስ መውጫው ጫፍ ላይ የተሰካችው ቆርቆሮ «ኩክ! ኩክ! ኩክ!» ስትል ማዶ ላለ ሰው ወፍጮ መኖሩን ትነግራለች። «እንዴ! ይኸ ስቲምፐንክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አለን። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን አይሆንም። የበርሜሉ ውሃ ሞተሩን ያቀዘቅዛል እንጂ አያሽከረክርም። የሚያሽከረክረው ናፍጣ ነው። ናፍጣ ደግሞ የራሱ ዘመን አለው፤ «ዲዝልፐንክ» የተባለ የራሱ የድርሰት ዓይነትም ወጥቶለታል፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አካባቢ ያለውን ዘመን የሚይዘው እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ራያ ለዚያኛው ሳትቀርብ አትቀርም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ወደ ደቡብ የሚያፈገፍገው የኢትዮጵያ ጦር አሸንጌ ሐይቅ ዳር ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብና መርዝ ጋዝ አለቀ። ከዚያ ጣሊያን መንገድ ሠራ፤ መንገዱ በግራካሱ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አላማጣ ይወርድና በቆቦ በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። በዚያ መንገድ ላይ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጣሊያን የጭነት መኪና ከባለቤቱ መንግሥት ዕድሜ በላይ ሲያቃስት ኖረ። ይኸ ሁሉ ናፍጣና ቤንዚን ነው። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ–ወልድያና የወልድያ–መቀሌ የባቡር መሥመርም ቢሆን ሲነደፍ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነው። ማለትም የራያ ሰው «ባቡር» የሚለውን ቃል ይዞ፣ የእንፋሎቱን ባቡር ግን ሳያይ፣ ዘሎ ኤሌክትሪክ ላይ ሊደርስ ነበር። እሱም ቢሆን ቅያሱ ተቆርጦ፣ ጦርነት መጥቶበት፣ ባቡር ሳያልፍበት ዓመታት ሄዱ። በዚህ ላይ ድርሰት የሚጽፍ ቢገኝ አንባቢዎቹ እኛ ነን። ስሙ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ወሰን መንታ መንገዱ ነው። በታሪክ አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና ድርሰቱ ያልተሄደበትን ይዞ ይሄዳል። ይኸ ከሌለ ድርሰቱ የታሪክ ልቦለድ ነው። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1880 ባወጣው «የእንፋሎት ቤት» በተባለ መጽሐፍ ውስጥ በእንፋሎት የሚሄድ የብረት ዝሆን ቤት እየጎተተ በሕንድ አገር ይዞራል። ከዚህ የባሰ ስቲምፐንክ የት ይገኛል? ይሁንና ቬርን የጻፈው ስለ ራሱ ዘመን ነው፤ ነገ ይሆናል ብሎ ነው ያሰበው። እኛ ወደ ኋላ ዞረን «ያኔ ቢሆን ኖሮስ?» እንላለን። ስለዚህ ቬርን የዚህ ድርሰት አያት ነው እንጂ የቤቱ አባል አይደለም ብለን ተስማማን።

ዝሆን ካነሣን ደግሞ የእኛውን እናንሣ። ቬርን የብረቱን ዝሆን ከመጻፉ አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አጤ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ 44 የሥጋ ዝሆኖች ከሕንድ አስመጥቶ ነበር። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐዲድ ዘረጋ፤ ባቡሮቹም ከሕንድ የመጡ ነበሩ። ወደቡ ላይ የቆሙት መርከቦች በእንፋሎት ኃይላቸው የባሕሩን ጨው ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን መልሰው እያቀዘቀዙ፣ ለሰውና ለከብት የሚጠጣ ውሃ ያወጡ ነበር። የቴሌግራፍ ሽቦም ተዘረጋ። ከተራራው ግርጌ ሲደርሱ ግን እንፋሎቱ ቆመ፤ ሐዲዱም አበቃ፤ ከባዱን መድፍ ዝሆኖቹ ተሸከሙት። ያ ጦር በእንደርታ አልፎ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል፣ ማለት ከራያ ቆላ በላይ ባለው ደጋ፣ ወደ መቅደላ ዘለቀ።

ይኸንን የሚያነብ ሰው «ፈጠራ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን ሁሉም ሆኗል፤ ስለሆነም ታሪክ ነው። በዚሁ ምክንያት የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» ተውኔት፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» መድፍና ባሩድ ቢኖርባቸውም ከወሰኑ ውጭ ናቸው። ማንም እነሱን ስቲምፐንክ አላላቸውም፤ ማለትም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ወሰን ያቺ «ፐንክ» የምትለው ቃል ናት። ብዙ ሰው የሚዘልላትም እሷን ነው። ማሽኑ አለ፤ መንታ መንገዱም አለ፤ ግን ድርሰቱ ከማሽኑ ባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ከሆነ፣ ለእኛ ጌጥ ነው። ጋፋትን እናስብ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አጤ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያኑን እነዋልድማየርን ቤተ ክርስቲያን ስበኩ ሳይሆን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው፤ ተሠራም። ሴባስቶፖል የተባለችው ትልቋ መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ትመዝናለች። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ መንገድ እየተቆረጠ፣ ዳገቱን በሰው ጉልበት እየተጎተተች ወጣች። ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድማለች። ስለ እሷ ሲወራ የሚወራው ስለ ንጉሡ ሕልም ነው። ገመዱን የጎተተው ወታደርና ገበሬ ስንት ነበር? መዳፉ ምን ሆነ? ማታ ምን በላ? ፐንክ የምትለው ቃል የምትጠይቀው ይኸንን ነው።

ከአፍሪካ ወገን የተነሡ ደራሲዎችም ወሰኑን የገፉት በዚሁ በኩል ነው። አሜሪካዊቷ ኒሲ ሾል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው «ኤቨርፌር» በተባለ ልቦለድ፣ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሕዝቡን ለጎማ ሲል በሚያስቆርጥበት ኮንጎ ውስጥ ነፃ አገር ይመሠረታል፤ የእንፋሎትና የአየር መርከብ የያዙት ተገዢ የተባሉት ናቸው። ፒ. ጄሊ ክላርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኤ ማስተር ኦቭ ጂን» በተባለው መጽሐፉ ጅኒዎችን ወደ ካይሮ መልሶ፣ ግብፅን ከእንግሊዝ ነፃ አውጥቶ፣ ከተማዋን በማሽን ሞልቷታል። «ጅኒ ከገባማ ተረት ሆነ እኮ!» ያለ ነበር። እኛ ግን ጅኒ አይከለከልም አልን። የእኛም ቆላ ጅኒ ሞልቶታል። የሚከለከለው ድካም የሌለበት ማሽን ነው።

እንግዲህ ወደ ቀረበልን ልቦለድ እንምጣ። ጸሐፊው የቆቦ ልጅ ነው፤ ምሕንድስና ይማራል። በታሪኩ ውስጥ ከጋፋት ባለሙያዎች አንዱ መድፍ ማቅለጥ ሰልችቶት፣ የእንፋሎት ጋን ሠርቶ፣ በግመል ጭኖ ወደ ራያ ቆላ ይወርዳል። በሆርማትና በጎሊና ወንዞች መካከል ጉድጓድ ያስቆፍራል። የእንፋሎቱ ፓምፕ ከምድር በታች ያለውን ውሃ መሳብ ይጀምራል። ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ለማግባት ሌሊት ሙሉ መሮጡ ይቀራል። መቶ ዓመት አልፎ 1966 ሲመጣ ረሀብ የለም፤ 1977 ሲመጣም የለም። ታሪኩ የሚያልቀው በአዝመራ ዘፈን ነው።

ሲነበብ ግማሾቻችን አጨበጨብን። ፓምፕ መሆኑ ራሱ ብልህነት ነው። ስቲምፐንክ ሲባል ሰው ሁሉ ዐይኑን ሰማይ ላይ ይሰቅላል፤ የአየር መርከብ ይፈልጋል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 ለሥራ ያቆመው የእንፋሎት ሞተር የተሠራው ለመብረር አይደለም፤ ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ ለመቅዳት ነው። ከላይ ዝናብ እየነሣት ከሥር ውሃ ላላት ለራያ ከዚህ የሚቀርብ ማሽን የለም። ኃይሉ እንፋሎት ነው፤ መንታ መንገዱም አለ። በሁለቱ ወሰን ገባ።

ከዚያ አንዲት የኮረም ልጅ እጇን አነሣች። «አያቴ በ77 ሁለት ልጆቿን ኮረም ሜዳ ላይ ቀብራለች» አለች። «በአንተ ታሪክ ውስጥ አልሞቱም። ደግ። ግን አያቴ ይኸን ባነብላት ምን የምትለኝ ይመስልሃል? ‹ማሽን ስላልነበረ ነው የሞቱት› ልበላት?» ቤቱ ጸጥ አለ። ጸሐፊው «ልቦለድ ነው እኮ፣ እኅቴ» አለ። «ልቦለድ መሆኑን አውቃለሁ» አለችው፤ «የምጠይቅህ ልቦለዱን ነው።»

በዚያ ሳምንት ያነበብነውን ሁሉ ወደ ረሀቡ አዞርን። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ ስለ ወሎ ረሀብ የጻፈውን ያነበበ ሰው ያስታውሳል፤ በ1965ና በ66 የአገሪቱ የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ የወደቀው የወሎ ገበሬና አርብቶ አደር የመግዛት ዐቅም ነው። ገንዘብ ወደሌለበት እህል አይመጣምና፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። መንገዱ ነበር፤ መኪናውም ነበር። በ1977ም ቢሆን ማሽን አልጠፋም። መኪናውም አውሮፕላኑም ነበር፤ ግን ጦርነት ላይ ነበር። ያው መንግሥት በመስከረም ወር የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ፤ በጥቅምት የኮረም ሕዝብ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ለዓለም ታየ፤ ከዚያ በኋላ ነው የእንግሊዝ ኸርኩሌስ አውሮፕላን እህል ይዞ የመጣው። እንግዲህ «ፓምፕ ቢኖር ኖሮ ረሀብ አይኖርም ነበር» የሚል ድርሰት፣ ሳያስበው፣ ጥፋቱን ከሰው ላይ አንሥቶ በማሽን እጦት ላይ ይጥላል። አያትዮዋ የምትቃወመው ይኸንን ነው፤ ልክም ናት።

ስለዚህ ወሰኑን የምናስቀምጠው እዚህ ላይ ነው። እንፋሎት ይኑር፤ መንታ መንገዱ ይኑር፤ ማሽኑ ግን ባለቤት ይኑረው፤ ድርሰቱም ባለቤቱን ይጥራው። ራያ ላይ ፓምፕ የተከለ ሰው እንጨት ያስፈልገዋል። የቆላው ግራር ተቆርጦ ሲያልቅ እንጨቱ ከዞብል ተራራ ሊወርድ ነው፤ ማን ይሸከመዋል? ሴቶቹ ናቸው። ውሃው መጀመሪያ ወደ ማን ማሳ ይገባል? የፓምፑን ቤት ቁልፍ የያዘው ማን ነው፤ ጭቃ ሹሙ? ባላባቱ? ገበሬው ጎርፉን በጠለፈበት ዘመን በድርሻ ተካፍሎ፣ ተጣልቶ ታርቆ፣ ዳኛ ሰይሞ ይኖር ነበር። እንፋሎቱ ሲመጣ ያ ዳኝነት የት ይገባል? ደግሞስ ውሃ ያላት ቆላ የበለጠ አታስጎመጅም? ጦር አይመጣባትም? እነዚህ ጥያቄዎች ታሪኩን ያበላሹታል ያለ አለ። እኛ ታሪኩ የሚጀምረው ከእነሱ ነው ባዮች ነን።

በመካከላችን እስካሁን ያልተስማማ አለ። «ሰው በሕልሙ እንኳ ጠግቦ ቢያድር ምን አለበት?» ይላል። ክርክሩን አንንቅም። ቆቦ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ያየችውን ላየ ልጅ የሚያምር ያልሆነ ትናንት መመኘት ነውር አይደለም። ነገር ግን ያልሆነ ትናንትን መመኘት በዚህ አገር ብዙ ነጋዴ አለው። «እንዲህ ነበርን፤ እንዲህ እንሆን ነበር፤ እነ እገሌ ባይከለክሉን» የሚለው ወሬ ልጆችን ከየቤቱ አውጥቶ የት እንዳደረሳቸው አይተናል። የእንፋሎቱ ድርሰት ከዚያ ወሬ የሚለይበት አጥር ከሌለው፣ እኛ በዚህ መጽሔት ላይ አናትመውም።

ልቦለዱን አልጣልነውም። ለጸሐፊው መለስንለት፤ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅነው፦ የፓምፑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ እንዲጽፍ፣ ኮረምንም ከታሪኩ እንዳያወጣ። እያጉረመረመ ወሰደው። ባለፈው ሳምንት ሲመጣ አሥራ አንድ ገጽ የነበረው ሃያ ሁለት ሆኗል፤ የአዝመራው ዘፈን ወጥቶ፣ በቦታው አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት በሌሊት የፓምፑን ቤት በር ስታንኳኳ ይታያል። ከውስጥ ማን እንደሚመልስላት ገና አልወሰነም። ስቴንስሉ ካልተቀደደ፣ ወረቀትም ካልጠፋ፣ በሚቀጥለው እትም ታነቡታላችሁ። ወሰናችን ጠቧል ወይም ሰፍቷል የምትሉም ጻፉልን፤ ቦታ እንተውላችኋለን።